ሠራተኛው ቤቱ ሲገባ ጉድጓዱን ማን ይጠብቃል?

ሂክማ፦ ጅማዎች፣ አካም ጅርቱ? እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የምናወራው ስለ መንገድ ሥራ ነው። ስለ አስፋልቱ ጥራት አይደለም፣ እሱን ሌላ ጊዜ። መንገዱ ተቆፍሮ ሳለ በዚያ የሚያልፈውም፣ እዚያው የሚሠራውም ሰው እንዴት በሰላም ውሎ ይገባል? ጉዳያችን እሱ ነው። አብረውኝ እንደ ሁልጊዜው ጋሽ አበራ አሉ። ከአዲስ አበባ ጅማ፣ ከጅማ ቦንጋና ሚዛን ጭነት ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ናቸው።

አበራ፦ ጤና ይስጥልን ቤተሰብ። ሂክሙም የምታወራው ሰምታ አይደለም። መንገድ ሳይት ላይ የምትሠራ መሐንዲስ ናት። እኔ ከመሪው ጀርባ ያየሁትን እናገራለሁ፣ አንቺ ደግሞ ከወዲያ በኩል።

ሂክማ፦ እንግዲያው ከእርስዎ ልጀምር። በመንገድ ሥራ መሃል ሲያልፉ ከሁሉም የሚያስፈራዎት ምንድን ነው?

አበራ፦ ማታው። ቀን ሎደሩ ይታያል፣ ሰው ይታያል፣ በበጋ አቧራው ራሱ ከሩቅ ይናገራል። ከ11 ሰዓት በኋላ ግን ሠራተኛው ሰርቪስ ተሳፍሮ ይሄዳል። ባንዲራ የያዘችው ልጅም ትሄዳለች። ጉድጓዱ እዚያው ያድራል። በዚያ ላይ የጅማን ዝናብ ጨምሪበት።

ሂክማ፦ ዝናቡ እኮ ነገሩን ሁሉ ይለውጠዋል። ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች። ሰኔን አይጠብቅም፤ መጋቢት ላይ ጀምሮ እስከ መስከረም ይዘልቃል። ጠዋት የተቆፈረ ቦይ ማታ ውሃ ሞልቶ ይገኛል። ቀይ አፈሩ ውሃውን ያደፈርሰዋል። ከዚያ በኋላ አንድ ሜትር ተኩል የሚጠልቀውም፣ ቁርጭምጭሚት የማይደርሰውም ከላይ ሲያዩዋቸው አንድ ናቸው። የባጃጅ መብራት ሲያርፍበት መንገዱ ላይ ካሉት ኩሬዎች አንዱ ይመስላል። ልጁ ሌሎቹን እንዳለፈ ይሄንንም አልፋለሁ ብሎ ይገባበታል።

አበራ፦ ባጃጅ ደግሞ የፊት ጎማው አንድ ነው። ጠርዙ ላይ ከገባ መመለሻ የለውም፣ ይገለበጣል። ኋላ ሦስት ሰው ተቀምጧል፤ አንዳንዴም አራት።

ሂክማ፦ ለዚህ ነው እኔ ሁልጊዜ የምለው፤ የሥራ ቦታ ጥበቃ መለካት ያለበት ቀን በሚታየው አይደለም። ማንም በሌለበት፣ ዝናብ እየጣለ፣ መብራት ጠፍቶ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ምን ይመስላል? መለኪያው እሱ ነው።

አበራ፦ አሁን ያለው ልማድ እኮ ድንጋይ መደርደር ነው። ትልልቅ ድንጋይ፣ ሲበዛ ኖራ የተቀባ። ወይ ደግሞ አፈር የተሞላ በርሜል። እኔ ስንት ጊዜ ከድንጋዩ ለማምለጥ ስል ወደ ግራ እንደጠመዘዝኩ አልነግርሽም።

ሂክማ፦ ድንጋይ ምልክት ሳይሆን ሁለተኛ አደጋ ነው። ማታ አያበራም። ሲመቱት አይወድቅም፣ አይታጠፍም፤ ሞተረኛ ከመታው ሰውየው ነው የሚወድቀው። ኮን፣ ያ መንገድ ላይ የሚቆመው ሾጣጣ ምልክት፣ ከፕላስቲክና ከጎማ የሚሠራው ያለ ምክንያት አይደለም። መኪና ሲገጨው ይተኛል፣ ሰው አይጎዳም። አንገቱ ላይ ያለው ነጭ ማሰሪያ ደግሞ አንጸባራቂ ነው፤ የመኪናውን መብራት ተቀብሎ ወደ ሹፌሩ ዓይን ይመልሳል። ቀይ ጨርቅ ይህን አይችልም። ጨለማ ውስጥ ቀይ ጨርቅ ጥቁር ነው።

አበራ፦ አንድ ነገር ግን ልከላከል። የኛ ሹፌሮች ቅጠል የመጣል ባህል አለን። መኪና ሲበላሽ ረዳቱ ሮጦ ቅርንጫፍ ይቆርጥና ከኋላም ከፊትም አስፋልቱ ላይ ይጥላል። ቅጠል ያየ ሹፌር ወዲያው እግሩን ከነዳጅ ላይ ያነሳል። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነው፤ ብዙ ነፍስ አትርፏል።

ሂክማ፦ እሱን ከልቤ ነው የማከብረው፣ ጋሽ አበራ። ዋናውን ነገር ይዟል። ማስጠንቀቂያው ከአደጋው ራቅ ብሎ ቀድሞ ይመጣል፣ በሁለቱም አቅጣጫ ይደረጋል፣ ሲረግጡት ማንንም አይጎዳም። የሚጎድለው ማታ አለመታየቱና ሲጠወልግ መሬት መምሰሉ ነው። ለብልሽት የድንገት መላ ነው፣ ጥሩ። ለስድስት ወር ሥራ ግን ቅጠል አይሆንም።

አበራ፦ ቅጠሉስ እሺ፤ ጎማ ሥር የተደረገውን ድንጋይ ትቶ የሚሄደውን ምን እንበለው? ጊቤ በረሃ ቁልቁለቱ ላይ መኪናው ተሠርቶ ይሄዳል፣ ድንጋዩ አስፋልቱ መሃል ይቀራል። ሹፌሮች የምትሰሙኝ ካላችሁ፣ እባካችሁ ድንጋዩን ሳታነሱ አትነሱ።

ሂክማ፦ አሁን ስለ ርቀት እናውራ፣ ምክንያቱም ሳይት ላይ በጣም የምከራከርበት እሱ ነው። ምልክቱን ጉድጓዱ አፍ ላይ ያቆሙታል። አካፋ የያዘ ሰው ያለበት ባለ ሦስት ማዕዘኑ ምልክት ቆፋሪው አጠገብ ቆሞ ታገኙታላችሁ። ሹፌሩ እሱን ሲያይ ሥራውንም አይቷል፤ ታዲያ ምን ጠቀመው? በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 14 ሜትር ይጓዛል። አይቶ፣ ገብቶት፣ ፍሬን እስኪረግጥ 20 ሜትር አልቋል። እርጥብ አስፋልት ላይ እስኪቆም ሌላ 25 ሜትር ጨምሩ። ከከተማ ውጭ በ80 ከሆነ ድምሩ ወደ 100 ሜትር ይጠጋል። ይህ ለቤት መኪና ነው።

አበራ፦ ቡና የጫነ ከባድ መኪና ከሆነማ የትየለሌ ነው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬኑ ግሎ ከሆነ ስለ ሜትር አታውሪ።

ሂክማ፦ ስለዚህ ከከተማ ውጭ የመጀመሪያው ምልክት ከሥራው ብዙ መቶ ሜትር ቀድሞ መቆም አለበት። በአሜሪካ የአሠራር መመሪያ ለገጠር መንገድ ሦስት ምልክቶች ተከታትለው በየ150 ሜትሩ ገደማ ይተከላሉ። መጀመሪያ ከፊትህ ሥራ አለ ይላል። ቀጥሎ መንገዱ ሊጠብ ነው ይላል። ከዚያ ባንዲራ ያዥ አለ ይላል። ሹፌሩ ደረጃ በደረጃ ይዘጋጃል። አንድ መስመር ሲዘጋም ኮኖቹን በድንገት አግድም አይደረድሩም፣ በሰያፍ ቀስ እያሉ ይገፉታል። ለ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነትና ለሦስት ሜትር ተኩል መስመር ሰያፉ 55 ሜትር ገደማ ይወስዳል። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ አምስት ሜትር ላይ ሁለት ድንጋይ ነው።

አበራ፦ ተጠማዛዥ መንገድ ላይስ? ከአሰንዳቦ ወዲህ ስትመጪ ኩርባውን እንደጨረስሽ የቆመ ሰልፍ ጭራ ላይ የምትደርሺበት ጊዜ አለ። ሥራው ገና አንድ ኪሎ ሜትር ይቀረዋል፣ ሰልፉ ግን ኩርባው ድረስ ደርሷል።

ሂክማ፦ በጣም ጥሩ ነጥብ። ምልክት የሚተከለው ከሥራው ብቻ ተለክቶ አይደለም፣ ከሰልፉ ጭራም ነው። ሰልፉ ሲረዝም አንድ ሰው ምልክቱን ይዞ ወደ ኋላ መሄድ አለበት። የሥራ ዞን አንዴ ተክለውት የሚረሱት ነገር አይደለም።

አበራ፦ ስለ ባንዲራ ያዦቹ ተናገሪ፣ እነሱ ነገር ያሳስበኛል።

ሂክማ፦ እኔም አንጀቴን የሚበላኝ የነሱ ነገር ነው። እኔ ባየኋቸው ሳይቶች አብዛኞቹ በቀን ክፍያ የሚሠሩ ወጣት ሴቶች ናቸው። ጠዋት አንድ ቀይ፣ አንድ አረንጓዴ ጨርቅ ይሰጣታል፣ ሂጂ እዚያ ቁሚ ይባላል። ስልጠናው ያ ነው። ግን የሁለት አቅጣጫ መኪና ነፍስ እጇ ላይ ነው። የት እንደምትቆም ሊነገራት ይገባል። መስመሩ ውስጥ ሳይሆን ዳር ላይ፣ ፊቷን ወደሚመጣው መኪና አዙራ፣ ከሌላ ሰው ተለይታ፣ ከኋላዋ የምታመልጥበት ክፍት ቦታ ኖሯት። ከቆመ ገልባጭ ኋላ ጥላ ፍለጋ መቆም አደገኛ ነው። ሰደርያዋም በጭቃ ከተለወሰ አያንጸባርቅም፣ መታጠብ አለበት።

አበራ፦ ሁለቱ ልጆች ሳይተያዩ ሲቀሩም ችግር ነው። አንዷ አረንጓዴ ታሳያለች፣ ያችኛዋም አረንጓዴ ታሳያለች። መሃል ላይ ሁለት ሲኖትራክ አፍንጫ ለአፍንጫ ይገጥማል።

ሂክማ፦ ሬዲዮ ካለ ጥሩ። ስልክ ኔትወርክ ሲጠፋ ዋጋ የለውም። ሬዲዮ ለሌለው ደግሞ ያለ ወጪ የሚሠራ ዘዴ አለ። ከዚህ በኩል የሚሄደው የመጨረሻው መኪና አንድ የተለየ ባንዲራ ወይም በትር ይሰጠዋል። ሹፌሩ ወዲያኛው ጫፍ ሲደርስ ለልጅቷ ያስረክባል። በትሩ እጇ ካልገባ የሷን ወገን አትለቅም። አንድ በትር ብቻ ስላለ ሁለቱም ወገን አንድ ላይ ሊለቀቅ አይችልም። ሹፌሮቹም ደስ ብሏቸው ነው የሚያደርሱት፣ አይቻለሁ።

አበራ፦ ይሄንን አላውቅም ነበር። ሸጋ ነው!

ሂክማ፦ አሁን ወደ ከተማ እንግባ። ከተማ ውስጥ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ መኪናው ሳይሆን እግረኛው ነው። ሐሙስ ቀን የሕርማታን ገበያ አስቡት። ጀርባዋ ላይ ሸክም ያላት እናት፣ የፈረስ ጋሪ፣ ባጃጅ፣ ዶሮ አንጠልጥሎ የሚሄድ ልጅ። እዚያ አካባቢ ቦይ ሲቆፈር የመጀመሪያው የሚወሰደው የእግረኛው ዳር ነው። የተቆፈረው አፈርም እዚያው ይከመራል። ሴትየዋ የት ትሂድ? አስፋልቱ ላይ፣ ከሲኖትራክ ጋር። ለመኪና ዲቱር፣ ማለትም ተለዋጭ ማለፊያ፣ እንሠራለን፣ ለሰው ግን የራስህ ጉዳይ ነው የምንለው።

አበራ፦ ሱቆቹም ጋ አንዲት ጣውላ ይጋደማል። በጭቃ እግር ይረገጣል፣ ይነቃነቃል፣ አንድ ወገን ድጋፍ እንኳ የለውም። አሮጊት እንዴት ትሻገረው?

ሂክማ፦ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያሳልፍ ሰፊ መሻገሪያ፣ የማያንሸራትት ወለል፣ በሁለቱም ወገን እጅ መደገፊያ። ያ ብቻ ነው። አንድ አናጺ በግማሽ ቀን ይሠራዋል፣ ሥራው ሲገፋ አብሮ ይነሳል። ዓይነ ስውር በበትሩ የሚያገኘው ከታች ያለውን አግዳሚ ነው። ሪባን ብቻ ከተወጠረ በትሩ ከሥር ያልፋል፣ ሰውየውም ተከትሎት ይገባል። ስለዚህ ሪባን አጥር አይደለም፣ ነፋስም ይበጥሰዋል። ጠንካራ አግዳሚ ያስፈልጋል፣ አንዱ ከመሬት ከፍ ሳይል ዝቅ ብሎ።

አበራ፦ ቦዩ ውስጥ የሚቆፍሩትስ ልጆች?

ሂክማ፦ እርጥብ ቀይ አፈር ሳያስጠነቅቅ ነው የሚናደው። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ይመዝናል። ደረት ድረስ የቀበረው ሰው ጭንቅላቱ ውጭ ቢሆን እንኳ መተንፈስ ያቅተዋል። ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ከጠለቀ ጎኑ በጣውላ መደገፍ ወይም ተዳፋት ሆኖ መቆረጥ አለበት። የወጣው አፈር ጠርዙ ላይ አይከመርም፣ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ኤክስካቫተሩም ከጠርዙ ይራቅ። ዝናብ ካደረ ፎርማኑ ሳያየው ማንም አይግባ።

አበራ፦ ይሄን ሁሉ ስናወራ ተቋራጩ ገንዘቡ ከየት ይምጣ ይላል።

ሂክማ፦ በብዙ የመንገድ ሥራ ውሎች ትራፊክ ማስተናገድ ራሱን ችሎ ይዘረዘራል፤ ዲቱሩም፣ ምልክቱም፣ ባንዲራ ያዡም። ችግሩ በተግባር መጀመሪያ የሚቀነሰው እሱ መሆኑ ነው። አስፋልት ይለካል፣ ጠጠር ይለካል። ማታ በርቶ ያደረ መብራት ማንም ወጥቶ አይለካውም። አማካሪው መሐንዲስ ክፍያ ከመፈረሙ በፊት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ በባጃጅ አንዴ ቢያልፍበት ብዙ ነገር ይስተካከላል። እኔ የምሠራበት ሳይት ፎርማኑ ከመውጣቱ በፊት ዞኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግሩ እንዲያየው ነው የምወተውተው። የወደቀ ኮን ያነሳል፣ ጭቃ የሸፈነውን ምልክት በጨርቅ ይጠርጋል፣ ለማታ ጥበቃው የእጅ ባትሪና አንጸባራቂ ሰደርያ ሰጥቶ ይሄዳል።

አበራ፦ ሥራው ካለቀ በኋላ የሚቀረውን ምልክትም አንሱ በሉልኝ። ሥራ የለም፣ ምልክቱ ግን ፍጥነት ቀንስ ይላል። ሹፌር ሦስት ጊዜ ከተታለለ አራተኛውን አያምንም፤ አራተኛው ላይ ደግሞ ሰው ይኖራል።

ሂክማ፦ ልክ ነው። እሁድ ሥራ ከሌለና ጉድጓዱ ከተደፈነ ምልክቱ ይሸፈን። ክፍት ጉድጓድ ካለ ደግሞ እሁድም ይቁም። አንድ የባጃጅ ሹፌር በድምፅ መልእክት የጠየቀንን መልሰን እንጨርስ። አጂፕ አካባቢ ነው የምሠራው፣ ማታ ኩሬ ሲያጋጥመኝ ጥልቀቱን በምን ልወቅ ይላል።

አበራ፦ አታውቀውም፣ ልጄ። ዳሩን እይ። አዲስ የወጣ አፈር ክምር ካለ እዚያ ተቆፍሯል። አስፋልቱ በመጋዝ እንደተቆረጠ ቀጥ ያለ ጠርዝ ካለው ተቆፍሯል። ከፊትህ የሄደ መኪና ካለ እሱ የረገጠበትን ርገጥ። ማንም ከሌለ አቁም፣ ውረድ፣ በዱላ ለካ። ተሳፋሪው ቢቆጣም ይቆጣ።

ሂክማ፦ መብራትህንም በየማታው ጥረገው። የጅማ ጭቃ መስታወቱን ከሸፈነው ከፊትህ ያለውን አሥር ሜትር እንኳ አያሳይህም።