ራዳን ማን ጠየቃት?

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ አንድ አሮጌ የህንድ ፊልም ላወራችሁ ነው። ሳንጋም ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣ ነው። ያለፈው እሁድ ከእማዬ ጋር እንደገና አየነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ።

መጀመሪያ ያየሁት ልጅ ሆኜ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ዴክ ያለው አንድ ቤት ብቻ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ምንጣፉ ላይ ይኮለኮላል፣ ትልልቆቹ ሶፋው ላይ ይቀመጣሉ። ካሴቱ ከመመላለስ ብዛት አርጅቷል፣ መሃል ላይ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። የቤቱ ትልቅ ልጅ ከስር የሚወጣውን እንግሊዝኛ እያነበበ ይተረጉምልናል። ሲሰለቸው ዝም ይላል። ያኔ ከፊታቸው እያየን ለራሳችን እንተረጉማለን።

ፊልሙ ውስጥ ራዳ የምትባል ልጅና የሚወዷት ሁለት ጓደኛሞች፣ ሱንደርና ጎፓል፣ አሉ። የዚያን ቀን የተጣላነው “አክተሩ ማነው?” በሚለው ነው። መቼም አክተር አይሞትም። ጎፓል ሞተ። ስለዚህ አክተሩ ሱንደር ነው አሉ ወንዶቹ። እኛ ሴቶቹ ደግሞ ለጎፓል እያለቀስን ነበር፣ ሞተም አልሞተም አክተሩ እሱ ነው አልን። ራዳ አክተር ልትሆን ትችላለች ያለ ግን አልነበረም። እኔም አላልኩም።

ላላያችሁት ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ሱንደር፣ ጎፓልና ራዳ አብሮ አደጎች ናቸው። ሱንደር ራዳን እስከ እብደት ይወዳታል። እሷ የምትወደው ጎፓልን ነው። ጎፓልም ይወዳታል፣ ግን ዓይን አፋር ነው፣ ደግሞም የጓደኛውን ልብ ያውቃል። ሱንደር አየር ኃይል ይገባና ካሽሚር ለሚዋጉት ወታደሮች ዕቃ ለማድረስ ይላካል። ከመሄዱ በፊት ጎፓልን ቃል ያስገባዋል። በእኔና በራዳ መሃል ማንም ወንድ እንዳይገባ ይለዋል። ከዚያ አውሮፕላኑ ተመትቶ ይወድቃል፣ ሞተ ይባላል። ጎፓልና ራዳ ቀስ በቀስ ይቀራረባሉ። ጎፓል ስሙን ያልጻፈበት የፍቅር ደብዳቤ ይሰጣታል። እሷም ትደብቀዋለች። ሊጋቡ ሲሉ ሱንደር በሕይወት ይመጣል። ጎፓልም ወደ ኋላ ይላል። ራዳ ሱንደርን ታገባለች።

እንግዲህ ስለዚህ ፊልም ሰው ሲከራከር ሰምታችሁ ከሆነ፣ ክርክሩ ሁልጊዜ በሁለቱ ወንዶች መሃል ነው። አንዱ ጎፓልን የመሰለ ጓደኛ የት ይገኛል ይላል። ሌላው ሱንደር ምን አጠፋ፣ የሚያውቀው ነገር አልነበረም ይላል። ሱንደርን ጨርሶ የማይወዱም አሉ። ሰው የማይሰማ፣ ጩኸቱ የበዛ ይሉታል። ርዝመቱ የሚያማርራቸውም አሉ። እውነትም 238 ደቂቃ ነው፣ ሲኒማ ቤት ሲታይ ሁለት ጊዜ እረፍት ነበረው። ለአውሮፓው ጉዞ ሲሉ ብቻ የሚወዱትም አሉ። የጫጉላው ሽርሽር ቬኒስ፣ ፓሪስና ስዊዘርላንድ ድረስ የተቀረጸ ነው። ያኔ ይህን ያደረገ የህንድ ፊልም እምብዛም ስለነበር ለተመልካቹ ብርቅ ነበር።

እማዬ ሁልጊዜ የጎፓል ወገን ናት። “ጨዋ ልጅ!” ትለዋለች። ለምን እንደምትወደው ይገባኛል። እኛ አገር ከአደራ በላይ ምን አለ? አደራ በላ መባል ከስድብ ሁሉ የከፋ ነው። ጎፓል ደግሞ አደራ ያልበላ ሰው ነው። ይሉኝታ ያለው፣ ሆደ ሰፊ፣ የሚችል። ራጄንድራ ኩማር ሲጫወተው ዓይኑ ሁልጊዜ ወደ መሬት ነው። እንዲህ ዓይነት ወንድ ለልጃቸው የማይመኙ እናቶች የሉም።

እሁድ ዕለት ግን አንድ ነገር ገባኝ። ሰው አደራ የሚሰጠው የራሱ የሆነውን ነው። ራዳ የሱንደር አልነበረችም። እሺ አላለችውም። ታዲያ የሱ ያልሆነችውን እንዴት አደራ አላት? ጎፓልስ እንዴት ተቀበለ? የዚያን ጊዜ አፉን ከፍቶ “እሷን እንጠይቃት” ቢል ኖሮ ፊልሙ እዚያው ያልቅ ነበር። ማንም አይሞትም ነበር። ሰው ሁሉ ጎፓል ራሱን ሠዋ ይላል። እኔ እንደማየው መጀመሪያ የሠዋው ራዳን ነው። ራሱን የሠዋው መጨረሻ ላይ ነው። በሱንደር ጩኸት እናደድ ነበር፣ አሁን ግን ይበልጥ ያመመኝ የጎፓል ዝምታ ነው።

አንድ ዘፈን አለ፣ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ራዳ ወንዝ ውስጥ ትዋኛለች። ሱንደር ዛፍ ላይ ወጥቶ ልብሷን ይዞባታል። በዘፈን ይጠይቃታል። ንገሪኝ ራዳ፣ መገናኘቱ ይሆናል ወይስ አይሆንም? ሳንጋም የሚለው ቃል ራሱ የወንዞች መገናኛ ማለት ነው፣ ጋንጀስና ያሙና የሚገናኙበት ዓይነት። እሷ አይሆንም ትለዋለች። መልሶ ይጠይቃታል። በፍጹም አይሆንም ትለዋለች። አሁንም ይጠይቃታል። መጨረሻ ላይ “ሂድልኝ፣ ለምን ታስቸግረኛለህ፣ ይሆናል፣ ይሆናል፣ ይሆናል” ትለዋለች። እሱም በደስታ ይፈነድቃል።

ልጆች ሆነን ግቢ ውስጥ ይህን እንጫወተው ነበር። አንዷ ራዳ ትሆናለች፣ አንዱ አጥር ላይ ይወጣል። ያቺ “ይሆናል” ስትመጣ ሁላችንም እናጨበጭባለን። አሁን ሳየው ዜማው አሁንም ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። ሻንካርና ጃይኪሻን የሠሩት ዜማ ነው፣ ሙኬሽ ሲዘፍነው ደግሞ አንጀት ይበላል። ግን ልጅቷ ወንዝ ውስጥ ናት፣ ልብሷ እሱ ጋ ነው፣ ሁለት ጊዜ አይሆንም ብላለች። ከሷ በቀር ይህን ያስተዋለ የለም።

ከጋብቻው በኋላ ራዳ ቆርጣ የባሏ ሚስት ለመሆን ትሞክራለች። ጎፓልን ለብቻው አግኝታ እባክህ ከቤታችን ራቅ ትለዋለች። በፊልሙ ሁሉ ለራሷ የጠየቀችው ነገር ቢኖር ይሄ ነው። ሱንደር ግን ጓደኛዬ ካልመጣ እያለ መልሶ መላልሶ ያመጣዋል።

ከዚያ የፒያኖው ዘፈን አለ። ሱንደር ፒያኖው ላይ ተቀምጦ ጓደኛ ጓደኛ ሆኖ አልቀረም፣ ፍቅረኛም ፍቅረኛ ሆና አልቀረችም ብሎ ይዘፍናል። ሁለቱም እዚያው ቁጭ ብለዋል። እስከ ዛሬ የማየው ሱንደርን ነበር። እሁድ ዕለት ራዳን የምትጫወተውን ቫይጃያንቲማላን ብቻ አየሁ። ዳንሰኛ ናት፣ ባራታናትያም የሚባለውን የህንድ ባህላዊ ዳንስ ከልጅነቷ የተማረች። እዚህ ጋ ግን ምንም አትንቀሳቀስም። ዓይኗ ብቻ ነው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሸሸው። ለዚህ ፊልም የፊልምፌር የምርጥ ተዋናይት ሽልማትን ወስዳለች፣ ሲያንሳት ነው። ራጅ ካፑርም ዳይሬክተርም፣ ኤዲተርም፣ ሱንደርም ራሱ ነው። ካሜራውን ፊቷ ላይ ያቆየው እሱ ነው። ስለዚህ ፊልሙ አያውቅም ብዬ አልፈርድም። እኛ ነን ሌላ ሌላውን ስናይ የኖርነው።

ሱንደር ደብዳቤውን አገኘና ሽጉጥ አወጣ። ማን ነው የጻፈው እያለ ሕይወቷን ሲኦል አደረገባት። አልተናገረችም። እዚህ ጋ እማዬ “አቁሚው እስቲ” አለችኝ። አቆምኩት። የራዳ ፊት ስክሪኑ ላይ እንደቆመ ቀረ።

“እንደው ይቺ ልጅ ያገባች ዕለት ይህን ደብዳቤ ብታቃጥለው ምን ነበረበት?” አለች።

“ሌላ የሷ የሚባል ምን አላት፣ እማዬ?” አልኳት። “ባሏን ሌላ ሰው መረጠላት። ፍቅሯን ሌላ ሰው ሰጠባት። ወረቀቱ ብቻ ነው የቀራት።”

እማዬ መልስ አልሰጠችኝም። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። ጎፓልን ልትከላከልልኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ፣ ሠላሳ ዓመት የሰማሁት ክርክር ነው። እሷ ግን የቆመውን ፊት ዝም ብላ ታያለች።

“እኔም አላቃጥለውም ነበር” አለች ቆይታ።

የማንን ደብዳቤ ብዬ አልጠየቅኳትም። ሻይዋን ቀዳሁላት፣ ፊልሙንም አስቀጠልኩት።