ኢሜይላችን ስፓም ውስጥ እንዳይቀር

ጤና ይስጥልኝ የጎንደር ልጆች!

አብዛኞቻችሁ ዌብሳይት የምትሠሩ፣ የሆቴልና የአስጎብኚ ድርጅት ኔትወርክ የምትይዙ ስለሆናችሁ በቀጥታ ልግባ። የራስን የኢሜይል ሰርቨር መጫን ከባድ አይደለም። ፖስትፊክስ የሚባለው ፕሮግራም ይልካል፣ ይቀበላል፤ ዶቭኮት የሚባለው ደግሞ ባለቤቱ ሳጥኑን ከፍቶ እንዲያነብ ያደርጋል። ሁለቱም ነፃ ናቸው። የሚያለፋው፣ የላክነውን ሌላው ዓለም አምኖ እንዲቀበለን ማድረግ ነው።

ሰርቨሩን ፒያሳም ሆነ አዘዞ ቢሮ ጥግ ላይ አታስቀምጡት። መብራት ይጠፋል ብዬ ብቻ አይደለም፤ እሱስ ላኪው ሰርቨር ለቀናት ደጋግሞ ይሞክራል፣ ፖስትፊክስ ራሱ ቅንብሩን ካልነካችሁት 5 ቀን ይታገሣል። የባሰው የአይፒ አድራሻው (ሰርቨሩ ኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) ነገር ነው፤ የቤትና የቢሮ አይፒ ብዙ ጊዜ ስለሚቀያየር ትልልቆቹ ተቀባዮች ከዚያ የመጣውን በር ላይ ይመልሱታል። ስለዚህ ቪፒኤስ፣ ማለትም ዳታ ሴንተር ውስጥ ያለ የኪራይ ሰርቨር፣ ተከራዩ። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ጠይቁ፦ ሰርቨሮች ኢሜይል የሚቀባበሉበት ፖርት 25 ወደ ውጭ ክፍት ነው? ሪቨርስ ዲኤንኤስ (ከአይፒው ተነስቶ የሰርቨሩን ስም የሚናገር መዝገብ) በራሳችን ስም ይሠራልናል? አንዱ እንኳ ካልተቻለ ሌላ ጋ ሂዱ።

ቀጥሎ ዲኤንኤስ፣ ማለትም የዶሜይናችን (የኢንተርኔት ስማችን) መዝገብ፤ እዚያ ሦስት ነገር እንጽፋለን። ኤስፒኤፍ በስማችን መላክ የሚችለውን ሰርቨር ይናገራል። ዲኪም እንደ ደብዳቤ ማኅተም እያንዳንዱ መልእክት ላይ ይፈርማል። ዲማርክ ደግሞ ሁለቱም ሲወድቁ ተቀባዩ ምን ያድርግ የሚለውን ይወስናል፤ መጀመሪያ ሪፖርት ብቻ እንዲልክላችሁ አድርጉት፣ ሪፖርቱን አንብባችሁ ስትረጋጉ ወደ መከልከል አሳድጉት። ጂሜይል በፈረንጆች ከፌብሯሪ 2024 ጀምሮ ወደ እሱ በቀን ከ5,000 በላይ ለሚልክ ሦስቱንም ግዴታ አድርጓል። ትንሽ ለሚልክም ቢያንስ ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም፣ ከዚያም ሪቨርስ ዲኤንኤስ ይጠይቃል። እኛ ጋ ትንሹም ሆቴል ሦስቱንም ይሥራ ባይ ነኝ።

አሁን ጥበቃው። ፓስወርድ ሳያስገባ ማንም በሰርቨራችሁ ወደ ውጭ መላክ የለበትም። የእንግዳ መቀበያው ፓስወርድ የሆቴሉ ስምና 123 ከሆነ ቦት (በራሱ የሚሞክር ፕሮግራም) ይገምተዋል። ያን አንድ አካውንት ይዞ በሺህ የሚቆጠር ስፓም በሆቴሉ ስም ይረጫል፣ አይፒያችሁ የስፓም ላኪዎችን ዝርዝር በሚይዘው ስፓምሃውስ ጥቁር መዝገብ ላይ ይገባል፣ ከዚያ ለጥምቀት ክፍል የያዘው እንግዳ ማረጋገጫው አይደርሰውም። እንግዳው ሌላ ሆቴል ይፈልጋል፣ እናንተም ለምን እንደቀረ አታውቁም! ረጅም ፓስወርድ፣ ደጋግሞ የሚሞክረውን የሚዘጋ ፌይል ቱ ባን፣ ግንኙነቱን የሚያመሰጥር የሌትስ ኢንክሪፕት ሰርተፊኬት የግድ ናቸው። ሰርተፊኬቱ ነፃ ነው፤ ግን ቢበዛ 90 ቀን ስለሚቆይ በራሱ እንዲታደስ አድርጉ። ባክአፑም ሌላ ቦታ ይቀመጥ፣ መልሳችሁም ሞክሩት።

ሎጉን (ሰርቨሩ የሠራውን የሚጽፍበትን መዝገብ) በየቀኑ የሚያይ ሰው ከሌለ ግን ለደንበኛችሁ ሰርቨር አትትከሉለት፤ በራሱ ዶሜይን የኢሜይል አገልግሎት ግዙለት። ዶሜይኑ በደንበኛው ስም ይመዝገብ፣ በእናንተ ስም አይሁን።

በሉ፣ ስፓም ውስጥ የገባባችሁ ኢሜይል ካለ ላፕቶፓችሁን ክፈቱና ሄደሩን (የመልእክቱን የጉዞ መረጃ) አሳዩኝ፤ አብረን እናየዋለን።