ቀለም እየሠራሁ «ያልተማረ» ተባልኩ

ክቡራን እንግዶች፣ አባቶች፣ እናቶች፣ ዛሬ ሥዕላችሁን ለባሕር ዳር ሰው ያቀረባችሁ ልጆች፤ እንደምን ዋላችሁ?

«ስለ ቀለም ትንሽ ተናገርልን» ተብዬ ነው የመጣሁት። ጽፌ ይዣለሁ። ካስረዘምኩ ታገሡኝ፣ ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር አለ።

ከቃሉ ልጀምር። ግሪኮች «ካላሞስ» የሚሉት መቃውን፣ ሸምበቆውን ነው። ዐረቦች ከዚያው የመጣውን «ቀለም» ለመጻፊያው ሰጡት። እኛ ጋ ግን ቀለም የተባለው ብዕሩ የሚጠጣው ነው፤ መጻፊያውንማ ግእዙ «ብርዕ» ብሎታል። ከዚያ ቃሉ ሰፋ። የግድግዳውም የጨርቁም ቀለም ሆነ፣ ፊደሉም ትምህርቱም ቀለም ሆነ። ጎበዙን ተማሪ ቀለሜ እንለዋለን፤ ያልሆነለትን «ቀለም አይገባውም» ብለን አንገቱን እናስደፋዋለን።

አሁን ወደ ሆዴ ነገር። እኔ እዚሁ ሐይቁ ዳር ከየኔታ እግር ሥር ያደግሁ የብራና ጸሐፊ ነኝ። ጥቁሩን ቀለም ራሴ ነኝ የምሠራው። ከምጣድ ሥር ጥላሸት እፍቃለሁ፤ እህል እስኪከስል ቆልቼ እወቅጣለሁ፤ በውሃ በጥብጬ የግራር ሙጫ እጨምርበታለሁ። ከዚያ ወራት ሙሉ ማማሰል ነው። ሽታውስ! ባለቤቴ ገንቦውን ወደ ጓሮ አባርራዋለች፣ እውነቷን ነው። ሙጫው ካነሰ ጽሑፉ ሲደርቅ ይራገፋል፤ ከበዛ ብዕሩ ላይ ይጎተታል። ቀዩ ለብቻው ነው፤ የአምላክ፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም ይጻፍበታል።

ታዲያ አንድ ቀን መታወቂያ ላሳድስ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ልጅቷ «ጋሼ፣ የትምህርት ደረጃ?» አለችኝ። «ብራና እጽፋለሁ፣ ቀለም አዘጋጃለሁ» አልኳት። «እሱን አይደለም፣ ስንተኛ ክፍል?» የለኝማ! ቅጹ ላይ «ያልተማረ» ብላ ሞላችው። በእስክርቢቶ ነው የጻፈችው፤ ሳይደርቅ በአውራ ጣቷ ለቀለቀችው።

እሷ ምን ታድርግ፣ ቅጹ ነው። ግን እናንተ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጣችሁ፣ ቅጽ የምታወጡ! የክብራን ገብርኤልን፣ የዳጋ እስጢፋኖስን፣ የጣና ቂርቆስን ብራና ለእንግዳ ስታወሩ «ቅርሳችን» ትላላችሁ። ማን ጻፈው? ያልተማረ? ጭብጨባውን ተዉት፣ እኔ የምፈልገው መልስ ነው።

ስለ ሱቅ ቀለምም ልል ነበር፣ ሰዓቱ ሄደ። ሥዕሎቹ ደስ ይላሉ፣ ሰማያዊው ትንሽ በዝቷል። ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ፣ የተቀረጸ መቃም አለ፤ የፈለገ ይሞክር። ነጠላ የለበሳችሁ ግን ራቅ በሉ፣ አይለቅም።