ሆኪ ከገና ጨዋታ ነው እንዴ የመጣው?

ሰላም ሰላም ቤተሰቦች እንዴት ናችሁ! ዛሬ ሆኪ ነው የምናወራው። በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበትን አይደለም፣ ሜዳ ላይ የሚሮጡበትን።

እና ገጠር ገናን ያሳለፈ ሰው ይሄን ጨዋታ ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። በዓሉ ሲቃረብ ልጆቹ ጫካ ይገባሉ፣ ጫፉ ቆልመም ያለ እንጨት ፍለጋ ነው፣ ያገኘ ልጅ ቅርፊቱን ይልጥና እጁ ላይ እየመዘነ እያወዛወዘ እስከ ቤት ድረስ በደስታ ይሄዳል። ሩሯ ደግሞ ከእንጨት ሥር ትድቦለቦላለች ወይ ከጠፍር ትጎነጎናለች። ከዛ የላይ ሰፈር ከታች ሰፈር! ስንት ለስንት ነው ብሎ የሚቆጥር የለም፣ መስመር የለም፣ ሩሯ ወንዝ ዳር ከሄደች ሁሉም ወንዝ ዳር ነው። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" የተባለው እኮ ወዶ አይደለም፣ ቅልጥሙን የተመታው ጌታም ችሎ ይሮጣል። ይሄን ጨዋታ እንዴት እንደምወደው!

አሁን ወደ ኮመንታችሁ። "እንግሊዞች ሆኪን ከኛ ገና ነው የወሰዱት" ብላችሁ የጻፋችሁ ብዙ ናችሁ። ወገን፣ ይሄ ልክ አይደለም። ግብፅ ቤኒ ሀሰን የሚባል ቦታ አራት ሺህ ዓመት ገደማ በሆነው መቃብር ግድግዳ ላይ ሁለት ሰዎች ቆልማማ ዱላ ይዘው ተፋጠው ተስለዋል። አቴንስ ላይም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ510 አካባቢ የተቀረጸ እብነበረድ አለ፣ ሁለት ጎረምሶች ጎንበስ ብለው፣ ዱላቸው ተጠላልፎ፣ ኳሷ መሃላቸው፣ ልክ የኛ ልጆች ሩር ሲጣሉ! አየርላንዶች ኸርሊንግ አላቸው፣ ስኮትላንዶች ሺንቲ አላቸው። ዱላና ድቡልቡል ነገር ያለበት አገር ሁሉ የራሱን ፈጥሯል፣ ገናም የኛው ነው፣ ለዛ ደግሞ የእንግሊዝ ምስክርነት አያስፈልገንም።

እንግሊዞች ያደረጉት ሕጉን መጻፍ ነው። ለንደን ውስጥ ብላክሂዝ የሚባለው ክለብ መጀመሪያ የሚጫወተው በምን መሰላችሁ፣ አራት ማዕዘን በሆነ የጎማ ድፍን! ቴዲንግተን የሚባለው ክለብ የክሪኬት ተጫዋቾች ናቸው በ1870ዎቹ ድቡልቡሏን የክሪኬት ኳስ ያመጡት፣ በ1886 የሆኪ ማህበር ተቋቋመ፣ ጨዋታውን የእንግሊዝ ጦር ሕንድ ይዞት ሄደ፣ ሕንዶች ደግሞ በ1928 አምስተርዳም ኦሎምፒክ አንድም ጎል ሳይገባባቸው ወርቁን ወሰዱ። እስከ 1980 ድረስ ስምንት ወርቅ! (ዓመቶቹ በፈረንጅ ነው።)

ሕጉን በፍጥነት፣ እግር ኳስ ስለምታውቁ። 11 ለ11 በረኛን ጨምሮ፣ ሜዳው 91.4 በ55 ሜትር፣ 15 ደቂቃ አራት ጊዜ። ኦፍሳይድ የለም። ኳስ እግር ከነካ ፋውል ነው፣ ከበረኛው በስተቀር። ጎል የሚቆጠረው አጥቂው ከጎሉ ፊት ያለው ግማሽ ክብ ውስጥ ሆኖ ኳሷን በዱላው ሲነካት ብቻ ነው፣ ከመሃል ሜዳ ለግተህ መረብ ብትቀድድም ዋጋ የለውም። አረንጓዴ ካርድ 2 ደቂቃ ያስወጣል፣ ቢጫ ቢያንስ 5፣ ቀይ በቃ ቻው።

አንድ ነገር ግን ላዘግይባችሁ፣ ዱላው። በገና ዱላ በየትኛውም ጎን ትመታለህ። የሆኪ ዱላ ግን አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ፣ ሌላው ድቡልቡል ነው፣ በድቡልቡሉ መንካት ክልክል ነው። ግራኝ ብትሆንም የተለየ የግራ ዱላ የለም! ኳሷ በግራህ ስትመጣ ዱላውን ገልብጠህ ጫፉን ወደ መሬት አዙረህ ነው የምትይዛት፣ ይሄን ሲያደርጉ የእጃቸውን አንጓ ተመልከቱልኝ፣ ቁልፍ የሚያዞሩ ነው የሚመስለው።

ፔናልቲ ኮርነር የሚባለውን ቅጣት ምት ለብቻው እሰራዋለሁ፣ ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ገና የተጫወታችሁ ደግሞ ዱላችሁን ከምን እንጨት እንደቆረጣችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ አንድ በአንድ አነበዋለሁ።