ከቀብር ስንመለስ አውቶቡሱ ይቁምልን
(በእድር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የእድራችን ዳኛ፣ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ እንደምን ዋላችሁ?

ዛሬ ስለ ድንኳንና ስለ ወርሃዊ መዋጮ አላወራም። የማወራው ስለ መንገድ ነው። ሬሳ ይዘን ከአዲስ አበባ ወጥተን፣ አገር ቤት አፈር አልብሰን ስለምንመለስበት መንገድ።

ስንሄድ ለቅሶ ነው። ስንመለስ ዝም ነው። ድንኳን ውስጥ ሰው አለ፣ ንፍሮ አለ፣ አጽናኝ አለ። አውቶቡስ ውስጥ ሁሉም መስኮቱን ተደግፎ ከሐሳቡ ጋር ይቀራል። ለእኔ ከሐዘን ሁሉ የሚከብደው ይሄ ሰዓት ነው።

አባታችንን ከደብረ ሲና ማዶ፣ በተወለደበት ቀዬ ቀብረን ስንመለስ እናታችን አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ዳገቱን ስንወጣ የእህቴን ልጅ አጥወለወለው። ሾፌሩም የጣርማ በርን ዋሻ እንዳለፈ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጎ ጥግ ያዘልን።

ቦታውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን በስቶ መንገዱን ያሳለፈው እዚያ ነው። ደጋው በአንዴ ይቆረጥና ገደሉ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ፣ ከዚያም ወደ አፋር ምድር ይወርዳል። የጂኦሎጂ ባለሙያዎች በጣርማ በር ስም የሚጠሩት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አላቸው። ዕድሜው የሚቆጠረው በሚሊዮን ዓመታት ነው።

እናታችን ማንም ሳይጠራት ወረደች። ጉሙ ከቆላው እየተነሣ ገደሉን ይሞላል። ነፋስ ሲመጣ ገለጥ ይላል፤ እርከኑ፣ ማሳው፣ የቤቱ ቆርቆሮ አንድ በአንድ ይታያል። ከእኛ ራቅ ብሎ የጭላዳ መንጋ ተቀምጧል። ከኢትዮጵያ ውጪ በዱር የማይገኘው፣ ሣር በል ዝንጀሮ። አንዱ አውራ፣ ቀዩ ደረቱ ከነጎፈሩ እየታየ፣ በሁለት እጁ ሣሩን እየነጨ ይጎርሳል። ቀና ብሎ አየንና ወደ ሣሩ ተመለሰ።

እናታችን ረጅም ጊዜ ስታየው ቆየች። «አባታችሁ ልጅ ሆኖ እነዚህን ነበር ከገብሱ ላይ በወንጭፍ የሚያባርራቸው» አለች። ከዚያ ቀጠለች። ከብት ጠፍቶበት ጉም ውስጥ ሲፈልግ ያደረበትን ሌሊት፣ አያታችን ፋኖስ ይዛ ስትጣራ የነበረውን ነገረችን። እኛ ልጆቹ ሰምተነው የማናውቀው ታሪክ ነው። ዕንባዋ ይወርዳል፣ ወሬዋ ግን አይቋረጥም። ታናሽ ወንድሜ ጋቢ አምጥቶ ደረበላት። ማንም «በቃ፣ እንሂድ» አላላትም።

ተራራ ማየት ሐዘን ያጠፋል እያልኩ አይደለም። ቤት ስንገባ የአባታችን ኮት እንደተሰቀለ ጠበቀን፤ እንደ አዲስ አለቀስን። ግን እዚያ ገደል አፋፍ ላይ እናታችን ስለ ሞቱ ሳይሆን ስለ ሕይወቱ ማውራት ጀመረች፤ ከዚያም ወዲህ አላቆመችም።

ለምን እዚያ ሆነ ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። ድንኳን ውስጥ ሐዘንተኛ ሥራ አለበት። ሰው በገባ ቁጥር ይነሣል፣ እንዴት እንደሞተ ይናገራል፣ ደግሞ ያለቅሳል። ወጋችን ነው፤ እወደዋለሁም፤ ብቻችንን እንዳንቀር ያደረገን እሱ ነው። ተራራው ፊት ግን መልስ የሚጠብቅ ሰው የለም። ብርዱ ሳያስቡት በረዥሙ ያስተነፍሳል። ከድንኳን ሸራ ሌላ ሳያይ የሰነበተ ዓይን ሩቅ ያያል። የእኛ ሰው ያደገበት ምድር ደግሞ እዚያው ከፊት ለፊት ተዘርግቷል። ምድሩን እያዩ ስለ ሟቹ ዝም ማለት ይከብዳል።

ስለዚህ የምጠይቀው ይሄን ነው። እድራችን አውቶቡስ ሲከራይ፣ ለመልሱ ጉዞ አንድ የማቆሚያ ሰዓት አብሮ ይዋዋል። ስንሄድ አይሆንም፣ ቀብር አይጠብቅም። በጎጃም መንገድ ከሆነ ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ፣ ጎንደርን አልፈን ከሄድን ሊማሊሞ ላይ፣ በደሴ መንገድ ጣርማ በር ላይ።

ጥንቃቄም ይፈልጋል። መጠምዘዣ ላይ አይቆምም፤ ጉም አለ፣ ከባድ መኪና ይበዛል። ጋቢና ትኩስ ሻይ በቴርሞስ ይያዝ። ልብና ደም ግፊት ያለባቸው አዛውንቶች ከፍታው እንዳይጎዳቸው አጠገባቸው ሰው ይኑር፤ መውረድ ያልፈለገም አይገደድ። ደግሞ አደራ፣ እዚያ ቆሞ ንግግር የሚያደርግ አይኑር። ሐዘንተኛው ዝም ካለ አብረን ዝም እንበል፤ ካወራ እንስማው።

የተከበሩ ዳኛ፣ ሐሳቡ ዛሬ ለድምፅ እንዲቀርብልኝ እጠይቃለሁ። ካለፈም ገንዘብ ያዣችን የተጨማሪዋን ሰዓት ክፍያ ከአውቶቡስ ባለንብረቶቹ ጋር ተነጋግረው ለሚቀጥለው ስብሰባ ያሳውቁን። አመሰግናለሁ።