በለስን ከቁራጭ ማብቀልና ማሰሮ መቀየር፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት የጓሮ አትክልት ሰዓት ስለ በለስ ከደወሉልን አድማጮች የአራቱን ጥያቄ ከአትክልት ባለሙያው መልስ ጋር እናቀርባለን።

ከአዲስ አበባ፣ ከኮተቤ የደወሉ እናት፦ ከጎረቤቴ የበለስ ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጬ በማሰሮ ተከልሁ። በሁለት ሳምንት ሁለት ቅጠል አወጣ፤ ደስ ብሎኝ ጠዋትና ማታ አጠጣሁት። በወሩ ጠወለገ፤ ስነቅለው ከታች ጠቁሮ በስብሷል፤ አንድም ሥር አልነበረውም። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ እናቴ፣ ይህ የብዙ ሰው ሐዘን ነው። የበለስ ቁራጭ በእንጨቱ ውስጥ ያጠራቀመው ስንቅ አለው፤ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ ገና ሥር ሳይሰድ በዚያው ስንቅ ቅጠል ያወጣል። ቅጠሉ ውሃ ያተናል፣ የሚተካለት ሥር ግን የለም፤ ስለዚህ ይጠወልጋል። አብቃዩ የጠማው እየመሰለው ውሃ ሲጨምርለት አፈሩ አየር ያጣል፣ ሊወጣ የነበረውም ሥር እዚያው ይበሰብሳል። እርስዎን የጎዳዎት የውሃው ብዛት ነው።

እንደገና ሲሞክሩ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ አዲስ እንቡጥ ከመፈንዳቱ በፊት ይቁረጡ፤ በክረምት የተተከለ ቁራጭ በዝናቡ ይበሰብሳል። ለምለሙን ጫፍ ትተው አምና ያደገውን፣ የጠነከረውንና እርሳስ ወይም ጣት የሚያህለውን እንጨት ይምረጡ፤ ርዝመቱ ከ15 እስከ 25 ሴንቲሜትር ሆኖ ሦስት ወይም አራት አንጓ ይኑረው። የታችኛውን ጫፍ ከአንጓው ሥር ቀጥ አድርገው፣ የላይኛውን ሰያፍ አድርገው ቢቆርጡት ሲተክሉ ላዩና ታቹ አይምታታብዎትም። ነጩ ወተት እስኪደርቅ ድረስ አንድ ቀን ጥላ ውስጥ ያቆዩት። መትከያው ግማሹ የታጠበ የወንዝ አሸዋ፣ ግማሹ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ይሁን፤ ማዳበሪያ ግን በዚህ ደረጃ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ከላይ አንድ አንጓ ብቻ እስኪታይ ይቅበሩት፣ አንድ ጊዜ በደንብ ያጠጡት፣ ከዚያም ታቹ የተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ ይድፉበት። ብርሃን ባለበት፣ ፀሐይ ግን በቀጥታ በማያርፍበት ሞቅ ያለ ስፍራ ይቀመጥ፤ የኮተቤ ሌሊት ቀዝቃዛ ስለሆነ ቤት ውስጥ ማሳደሩ ይመረጣል። ጣትዎን እስከ መጀመሪያው አንጓ ከትተው አፈሩ ደረቅ ካልሆነ በቀር አያጠጡ። ሥር ለመስደድ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል። የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከተከሉት ነጫጭ ሥሮች ግድግዳው ላይ ሲሄዱ በዓይንዎ ያያሉ፤ ወደ ትልቅ ማሰሮ የሚዛወረው ያን ጊዜ ነው። እባክዎን ከዚያ በፊት ነቅለው አይመልከቱ፤ ለጋው ሥር እንደ ክር ይበጠሳል።

ከማይጨው የደወሉ አድማጭ፦ በለስ ስትሉ የኛን ባለ እሾኹን ነው? እሱንም እንዲሁ ነው የምንተክለው?

መልስ፦ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ስሙ አንድ ሆኖ ተክሉ ሁለት ነው። የእርስዎ በለስ ከሜክሲኮ የመጣ ቁልቋል መሰል ተክል ሲሆን እኛ እስካሁን የተነጋገርንበት ሰፊ ቅጠል ያለውና ከሾላና ከዋርካ ጋር የሚዛመደው ዛፍ ነው። አተካከላቸውም ተቃራኒ ነው ማለት ይቻላል። የባለ እሾኹ ቅጠል መሳይ ግንድ ከተቆረጠ በኋላ ቁስሉ እስኪደርቅ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ጥላ ውስጥ ይቆያል፤ ከተተከለም በኋላ ሥር እስኪይዝ ውሃ ሊያገኝ አይገባም። በእርስዎ አካባቢ ነጭ ጥጥ መሳይ ነገር ለብሶ የሚኖረው፣ ሲጨፈለቅ ቀይ ቀለም የሚያወጣው ተባይ ብዙ በለስ ስላጠፋ፣ ምልክቱ ካለበት ስፍራ ቁራጭ ወደ ሌላ ቀበሌ እንዳይወስዱ አደራ እላለሁ።

ከባሕር ዳር የደወሉ ወጣት፦ ሾላ ውስጥ ትንንሽ ነፍሳት አያለሁ። በለስም ያለ እነሱ አያፈራም ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ለአንዳንዱ ዓይነት እውነት ነው። ስምርና የሚባለው በለስ ያለ ተርቧ፣ ማለትም ሾላ ውስጥ እንዳዩት ያለች ትንሽ ነፍሳት ከሌለች፣ ፍሬ አይዝም። ለጓሮ የሚተከሉት አብዛኞቹ፣ ለምሳሌ ብራውን ተርኪ የሚባለው፣ ያለ እርሷም ያፈራሉ። ከፍሬ ዘር የሚበቅለው ግን እናቱን ላይመስል ይችላል፤ በቁራጭ ማራባትን የምመክረውም ለዚህ ነው።

ከሜሪላንድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ የደወሉ አድማጭ፦ ከቁራጭ ያሳደግሁት በለስ አራት ዓመቱ ነው። ሥሩ በማሰሮው ቀዳዳ ወጥቷል፤ ቅጠሉ የተትረፈረፈ ነው፤ ፍሬ ግን የለውም። ማሰሮ ልቀይርለት? የበረዶውን ክረምትስ የት ላሳልፈው?

መልስ፦ ይቀይሩለት፤ ግን አሁን በበጋ፣ ቅጠል በለበሰበት ወቅት አይደለም። በመጋቢት፣ እንቡጡ ሊነቃ ሲል ያውጡትና ዙሪያውን የተጠመጠመውን ሥር በመጋዝ ወይም በስለታም ቢላ ከሲሶው ሳያልፉ ቆርጠው ያንሱለት። ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል፤ በለስ ግን አንቀላፍቶ ሳለ የተቆረጠበትን ሥር ፈጥኖ ይተካል። አዲሱ ማሰሮ ከአሮጌው ከ5 እስከ 8 ሴንቲሜትር ብቻ ይስፋ፤ በጣም ሰፊ ማሰሮ ሥሩ ያልደረሰበትን ብዙ እርጥብ አፈር ይይዛል፣ ያም ወደ መበስበስ ይመልሰናል። ማሰሮው ስፋቱ 40 ሴንቲሜትር ከደረሰ በኋላ መለወጡን ትተው በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ ሥሩን ከርክመው በዚያው ማሰሮ በአዲስ አፈር ይመልሱት።

ፍሬ ስላጡበት ምክንያት፣ ሣሩ ላይ የሚበትኑት ማዳበሪያ ማሰሮው ውስጥ እየገባ እንዳይሆን ይመርምሩ፤ ናይትሮጅን የበዛበት በለስ ቅጠል እንጂ ፍሬ አያበዛም። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ያግኝ። ለክረምቱ፣ ቅጠሉን ካራገፈ በኋላ ወደማይሞቅ ጋራዥ ያስገቡት፤ ከ0 እስከ 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይስማማዋል። ብርሃን አያስፈልገውም፤ አፈሩ ፈጽሞ እንዳይደርቅ ብቻ በወር አንድ ጊዜ ትንሽ ውሃ ይስጡት። ሲከረክሙም ጓንት ያድርጉ፤ ወተቱ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላልና።