ፍቅር የሚጎዳቸው

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ የማወራው የተጎዱና እናት የሌላቸውን የዱር እንስሳት ስለማዳን ነው። አስቀድሜ ግን የሆዴን ልተንፍስ። አንድ ሰው የሚዳቋ ግልገል ከሣር ውስጥ አንስቶ፣ ደረቱ ላይ አስተኝቶ የሚዳብስበትን ዓይነት ቪዲዮ ሳታዩ አትቀሩም። ግልገሏ ንቅንቅ አትልም። ሥሩ ላይ «ተረጋጋች» ተብሎ ይጻፋል።

አልተረጋጋችም፤ በፍርሃት ደርቃ ነው። ሚዳቋ ልጇን ደብቃ ለግጦሽ መራቋ ያለ ነገር ነው። ስለዚህ «እናት የላትም» ተብላ የምትወሰደው ግልገል፣ ብዙ ጊዜ እናቷ ተመልሳ የምታጣት ናት። እኔ ይህንን ጠለፋ እለዋለሁ።

በእውነት የተጎዳ እንስሳ ሲገኝ፣ ሥራውን የሚያውቁት የሚጀምሩት በሚያሰለች ነገር ነው፦ አየር የሚገባበት ካርቶን፣ ጨለማ፣ ሙቀት፣ ጸጥታ። ውሃ በግድ መጋት የለም። የወፍ የአየር ቧንቧ የሚከፈተው ምላሷ ሥር ስለሆነ፣ በአዘኔታ የተንጠባጠበላት ውሃ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። ተባርራ የተያዘች ሚዳቋም ቁስል ሳይኖርባት፣ ከድንጋጤና ከሩጫ ብዛት ጡንቻዋ ተጎድቶ ከቀናት በኋላ ልትሞት ትችላለች።

ከአእምሮዬ የማይወጣው ግን እናት የሌላቸውን የዝሆን ግልገሎች ያሳድጉ የነበሩት የኬንያዋ የዳፍኒ ሼልድሪክ ታሪክ ነው። የላም ወተት ስብ ለዝሆን ግልገል አይስማማም። ዳፍኒ ዓመታት ከፈጀ ሙከራ በኋላ የኮኮናት ዘይት የገባበት ወተት አገኙ፤ አይሻ የተባለችው ግልገልም በእርሱ 6 ወር ሞላት። እ.ኤ.አ. በ1974 ዳፍኒ ለልጃቸው ሠርግ ሲሄዱ አይሻ ምግብ እምቢ አለች፤ ሞተችም። ወተቱ ያው ነበር፤ የጎደለችው አንዲት ሰው ናት።

በኋላ በተቋቋመው ማሳደጊያቸው ጠባቂዎች ከግልገሎቹ ጋር ያድራሉ፣ ሌሊትም ተነስተው ጡጦ ይሰጣሉ። ነገር ግን ይፈራረቃሉ፤ አንዱ ግልገል ከአንዱ ሰው ጋር ብቻ እንዲጣበቅ አይፈቀድም። እንግዲህ ዝሆን ያለ ወዳጅ የማይኖር ፍጥረት ስለሆነ ነው ይህን ያህል እንኳ መቅረብ የተፈቀደው። እንደ ጭልፊት ላለ አዳኝ ወፍ ሲሆን ጥንቃቄው ይብሳል፤ ጫጩቷ የሚያበላትን ሰው ፊት እንዳታይ ይደረጋል። ከሰው ጋር የተላመደ ጭልፊት ክንፉ ድኖ በደንብ ቢበርም አይለቀቅም፤ ራበኝ ብሎ የማያውቀው ሰው ትከሻ ላይ ቢያርፍ፣ የሚጠብቀው ዱላ ሊሆን ይችላልና።